ግራይንደር ባዶውን ሲጮህ ሰምተህ እንዳትገዛ

ወንድሜ፣ «ለበርና መስኮት ሥራ ባለ 9 ኢንች ግራይንደር ልገዛ ነው፣ ደህናውን ከፌኩ በምን ልለይ?» ብለሃል። እኔም ወርክሾፕ ልከፍት ስል መርካቶ ወርጄ ተበልቻለሁ።

1. ባዶውን ሲዞር አይተህ አትግዛ። ሻጩ ሶኬት ላይ ሰካው፣ ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል። «ጉልበቱን አየኸው?» አለኝ። አየሁት ብዬ 6,800 ብር ቆጠርኩ። በሦስተኛው ቀን ወፍራም ቱቦላሬ ስቆርጥ ዲስኩ መሃል ላይ ቀጥ አለ። መጀመሪያ ሽታ፣ ከዚያ ጭስ። ሞተር ለሚጠቀልል ልጅ ወሰድኩት። ፈታውና ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ሳቀብኝ። ከላይ የመዳብ መልክ አለው፣ ሲፋቅ ነጭ ነው፤ አሉሚኒየም። አሉሚኒየም ከመዳብ 1.6 እጥፍ ያህል ለኤሌክትሪክ ያስቸግራል። ስለዚህ በዚያው ውፍረት ሲጠቀለል ሥራ ሲበዛበት ይግላል። ባዶውን ሲዞር ግን ማን ያውቅበታል?

2. ደረሰኝ። ይቺን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል። 15 ፐርሰንቱን ቫት ላለመክፈል «ያለ ደረሰኝ ይሁን» ያልኩት እኔው ነኝ። ልመልስ ስሄድ ሻጩ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን በጣቱ አሳየኝ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። እልህ ያዘኝና ሸማች አቤት የሚልበት ቢሮ ሄድኩ። አዋጅ ቁጥር 813/2006ን አንብቤ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል አውቄ ነው የሄድኩት። ሴትየዋ ስልኳን እየነካካች «ደረሰኝ?» አለችኝ። የለኝም ስላት «ቀጣይ!»። ሁለት ሰዓት ተሰልፌ ያገኘሁት ይህችን ነው።

3. ክላምፕ ሜትር ያዝ፤ ሽቦውን አቅፎ ስንት አምፔር እንደሚያልፍበት የሚያነብ መለኪያ ነው። እንዲያውም ሁለተኛውን እንዴት እንደገዛሁ ልንገርህ። የራሴን ቁራጭ ቱቦላሬና አጭር ኤክስቴንሽን ይዤ ሄድኩ። የኤክስቴንሽኑን የውጭ ልባስ ገሽልጬ ሽቦዎቹን ለያይቻቸዋለሁ፤ የየራሳቸው ልባስ ግን አልተነካም። ሜትሩ አንዱን ሽቦ ብቻ ነው የሚያቅፈው፣ ኬብሉን በሙሉ ካቀፍከው ዜሮ ያነብልሃል። ሁለት ግራይንደር አስወጣሁ፣ ሁለቱም ላይ 2200 ዋት ተጽፏል። በ220 ቮልት ሲሰላ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ 10 አምፔር መሳብ አለበት። አንዱ እየቆረጠ 5 ላይ ቆመ፣ ጫን ስለው ዞሩ ሞተ። ሌላው 9 ደረሰ፣ ብረቱንም እንደ ቅቤ ቆረጠው። በማቀዝቀዣ ቀዳዳው በኩል የካርቦኑን፣ ማለትም የሚዞረውን የሞተር ክፍል እየነካ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ቁራጭ፣ ብልጭታም አየሁ። ትንሽ ብልጭታ ምንም አይደለም፣ ዙሪያውን እንደ ቀለበት የሚነድ ከሆነ ግን ተወው። ሻጩ «ኢንጂነር ነህ እንዴ?» አለኝ። የተበላ ሰው ነኝ አልኩት። ያ ግራይንደር ሦስት ዓመት ሆነው፣ የቀየርኩለት ካርቦን ብቻ ነው።

«እዚህ መቁረጥ አይፈቀድም» የሚልህ ሱቅ ካለ አትከራከር፣ ውጣ። አሜሪካ ያለ ዘመድ ልላክልህ ካለህም የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት መሆኑን አስታውሰው፤ እዚህ ቀጥታ ከሰካኸው ይጨሳል።

መብራት በጠፋ ቀን ግን አትሂድ። በትንሽ ጀነሬተር ላይ ከሞከርከው ቮልቱ ይወርድና ደህናውንም ሰነፍ ያስመስልብሃል።