ጭቃውን ቶሎ አትመኑት

ውድ ወጣቶች፣

ከሐይቅና ከባሕር ወለል የሚወጣ ደለል እያየሁ፣ የጥንቱን የአየር ንብረት ከእሱ እያነበብኩ ነው ያረጀሁት። ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ማሽን ነው። የትኛው ላብራቶሪ ይሻላል? የትኛው ሶፍትዌር? በቴሌግራም ግራፍ ትልኩልኝና “እዚህ ጋ ድርቅ ነበር አይደል?” ትሉኛላችሁ። እኔ መልሼ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ሌላ ምን ሊያመጣው ይችላል?

ጣናን እንውሰድ። ዛሬ ባሕር ዳር ላይ ቆማችሁ “ይህ ሐይቅ ደርቆ ያውቃል” ብትሉ የሚያምናችሁ የለም። ግን ደርቆ ያውቃል፤ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን እያበቃ ሳለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት ከለስላሳው ጭቃ ሥር ጠጣር የደለል ንጣፍ አገኘ። ችኩል ሰው እዚህ ላይ “ደረቀ” ብሎ ይጽፍና ቤቱ ይገባል። ጠጣር ደለል ግን ከላይ በተከመረው ክብደት ብቻም ሊታመቅ ይችላል። ተመራማሪዎቹ የሐይቁን ወለል በድምፅ ሞገድ ሲፈትሹ፣ ዳር አካባቢ በዚያው ንጣፍ ላይ ወንዝ የቦረቦረው ቦይ አዩ። ሐይቁ ካልሸሸ ወንዝ እዚያ ምን ያደርጋል?

ደስ የሚለኝ ግን የሚቀጥለው ነው። ከሐይቁ ጥልቅ ቦታ በወጣው ናሙና፣ ከጠጣሩ በላይ የበሰበሰ የረግረግ ተክል ቅሪት ተገኘ። አብረውት ጥልቀት በሌለው ውኃ ተክል ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ዲያቶሞች ነበሩ። ዲያቶም በዓይን የማይታይ፣ ቅርፊቱ ከመስታወት ዘር የሆነ አልጌ ነው። ዛሬ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ያኔ የበቀለው ዳር ሳይሆን መሃል ላይ ነው ማለት ነው! ይህ ከ16,700 ዓመት በፊት ጀምሮ ነው። ውኃው እየጨመረ ሲመጣ ጨው የሚወዱ ዲያቶሞች ቦታውን ያዙ፤ መውጫ የሌለው ሐይቅ ሲተን ጨዉ እዚያው ይቀራላ። ከ14,750 ዓመት በፊት ደግሞ ጨው የማይወዱት በድንገት ተመለሱ። ጣና ሞልቶ ወደ አባይ ፈሰሰ።

እስካሁን ያየነው ግን አንድ ሐይቅ ነው። በአንድ ሐይቅ ብቻ ስለ ዓለም አየር ንብረት መናገር የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንደሚፈርድ ሽማግሌ መሆን ነው። ነገሩን ያጠናከረው የቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቆ መገኘቱ ነው። ከሰሜን አትላንቲክ ወለል ደግሞ ተመራማሪው ሃርትሙት ሃይንሪክ እ.ኤ.አ. በ1988 የገለጻቸው የጠጠር ንጣፎች አሉ፤ ተንሳፋፊ የበረዶ ተራሮች ሲቀልጡ የጣሉት ጠጠር ነው። የመጨረሻው ትልቁ ንጣፍ ከጣና መድረቅ ጋር በጊዜ ይገጥማል። የቀለጠው በረዶ ሙቀት ወደ ሰሜን የሚያደርሰውን የውቅያኖስ ዝውውር ሲያዳክም የእኛም ዝናብ አብሮ ተዳከመ፤ ሐሳቡ ይኼ ነው።

“በጊዜ ይገጥማል” የሚለው ቃል የሚቆመው በዕድሜ ልኬቱ ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከቆጠባችሁ በሌላ ቆጥቡ። በውስጡ ባለው ካርቦን ዕድሜ ለሚለካው ለራዲዮካርቦን ናሙና ስትመርጡ ከየብስ የወደቀ ቅጠል፣ ፍሬ ወይም ከሰል ፈልጉ። ዝም ብሎ ጭቃውን መላክ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከእሳተ ገሞራ ወይም ከፍል ውኃ የሚወጣ አሮጌ ካርቦን የገባበት ሐይቅ ዕድሜውን አጋንኖ ይነግራችኋል።

“ሌላ ምን ሊያመጣው ይችላል?” የሚለው ጥያቄ በባሕሩም በኩል ያው ነው። ተመራማሪው ቼዛሬ ኤሚሊያኒ እ.ኤ.አ. በ1955 ፎራሚኒፌራ በሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ቅርፊት ውስጥ ያለውን የከባዱንና የቀላሉን ኦክስጅን ምጣኔ ለውጥ በአብዛኛው እንደ ሙቀት መጠን አነበበው። ድንቅ ሥራ ነበር። ኒኮላስ ሻክልተን በ1967 ያንኑ ለውጥ ይዞ፣ አብዛኛው የሚለካው የብስ ላይ የተከማቸውን በረዶ ነው አለ። ቀላሉ ኦክስጅን ተንኖ በረዶ ውስጥ ሲታሰር ባሕሩ ውስጥ ከባዱ ይበዛልና። ቅርፊቱ አልተለወጠም፤ ንባቡ ተለወጠ።

ሌላ ተራ የሚመስል ምክር። ደለሉ የወጣበት ቱቦ እንደተከፈተ ናሙናውን በዓይናችሁ እዩና ጻፉ፣ ፎቶ አንሱ። አየር ሲነካው ጥቁሩ ጭቃ በሰዓታት ውስጥ ቡናማ ይሆናል። በስንጥር ጫፍ ትንሽ ቆንጥራችሁ በውኃ ጠብታ መስታወት ላይ ቀቡትና ማይክሮስኮፕ ሥር አስገቡት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ዘሎ በቀጥታ ናሙናውን ወደሚያነበው ማሽን፣ ወደ ስካነር፣ የሚሮጥ ልጅ ያናድደኛል፣ አልዋሻችሁም።

ኬሚስትሪና ማዕድን ጥናትንም አትናቁ። ደቡብ ኢትዮጵያ ያለው ጨው ባሕር እ.ኤ.አ. በ2014 ተቆፍሮ 280 ሜትር ያህል ደለል ወጥቶለታል፤ 620,000 ዓመት ገደማ የሚሸፍን ነው። እዚያ ፖታሲየም ሲጨምር ድርቅ ነው ይባላል። ያ አባባል የጸናው ግን ግራፉ ስላማረ አይደለም። ሐይቁ ሲጎድልና ጨዋማ ሲሆን የሸክላው ማዕድን ራሱ ተለውጦ ፖታሲየም እንደሚይዝ ማዕድኑን ያጠኑ ሰዎች ስላሳዩ ነው። የማዕድን ጥናቱን ኮርስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብዙዎቻችሁ “የድሮ ነው” እያላችሁ ታልፉታላችሁ። ተመዝገቡ።