ሰመር ሪሰርች ለምትገቡ ልጆች

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የጓደኛዬ ልጅ ጠጋ አለችኝ። ማቴሪያልስ ሳይንስ (ብረት፣ ሴራሚክና የመሳሰሉትን የሚያጠና ትምህርት) ላይ ለሰመር ሪሰርች፣ ማለትም ለክረምት የምርምር ሥራ ተቀብለዋታል። አስር ሳምንት ነው፣ ማደሪያም አበልም አለው። «ጋሼ፣ አስር ሳምንት ለፍቼ ምንም ውጤት ባይወጣልኝ ጥሩ ሪኮመንዴሽን ይጽፉልኛል?» አለችኝ። «ይጽፉልሻል፣ አይዞሽ» ብያት ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይቺን ጥያቄ እኔም አንድ ክረምት ሙሉ በሆዴ ይዣት ነበር፣ ማንንም ሳልጠይቅ።

በ1999 ነው፣ በፈረንጆቹ። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ። ማታ ፓርኪንግ እየሠራሁ ቀን እማራለሁ። አር-ኢ-ዩ የሚሉትን የናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን የሰመር ፕሮግራም ያየሁት ኮሪደር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። ይሄን ሳልረሳ ልንገራችሁ፤ ብዙ የኛ ልጆች «ለዜጋ ብቻ ነው» ብለው ይተዉታል። አይደለም፣ ግሪን ካርድ ያለው ማመልከት ይችላል።

ላቡ (ላቦራቶሪው) ውስጥ የምትመራኝ ፒኤችዲዋን የምትሠራ ቻይናዊት ነበረች። ስትናገር ድምፅዋ አይሰማም፣ ግን ሁለቴ ጠይቄያት ሁለቴም ከስር ጀምራ ታስረዳኛለች። የኔ ሥራ ናሙናዎችን ምድጃ ውስጥ ማብሰል ነው። ምድጃው መሃሉ ላይ ከአሉሚና (ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን ውሁድ) የተሠራ ነጭ የሴራሚክ ቱቦ አለው። ናሙናው እዚያ ውስጥ ይገባል፣ አየር እንዳይነካው አርጎን ጋዝ ይለቀቅበታል፣ እስከ 1200 ዲግሪ ይሞቃል። ከዚያ በደቂቃ 3 ዲግሪ ብቻ እያለ ቀስ ብሎ መብረድ አለበት። ሴራሚክ እንደ ብረት አይለጠጥም። ውጩ በርዶ ሊኮማተር ሲል ውስጡ ገና ግሎ ከሆነ ይሰነጠቃል። የጋለ የሸክላ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ሲል እናቴ ምን እንደምትሆን እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ አላውቅም ነበር ልል አልችልም።

ያን ቀን መብረድ የጀመረው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል። ጓደኞቼ ደግሞ ማታ 2 ሰዓት ላይ በቫን ሊነሱ ነው፤ በየዓመቱ ጁላይ 4 አካባቢ ወደሚደረገው የኢትዮጵያውያን የኳስ ውድድር። ከአገር ከወጣሁ ብዙ ሐበሻ አንድ ላይ አይቼ አላውቅም ነበር፣ ናፍቆቱ እንዴት እንደሚያደርግ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቱቦው ገና ከ500 ዲግሪ በላይ እያለ፣ ቶሎ ይብረድልኝ ብዬ የምድጃውን ክዳን ከፈትኩት። ፊቴን ወላፈን መታኝ። ትንሽ ቆይቶ «ቋ» አለ፣ አንዴ ብቻ። ክዳኑን መለስኩ። ደብተሩ ላይ «በደቂቃ 3 ዲግሪ» ብዬ ጻፍኩና እየሮጥኩ ወጣሁ።

ስመለስ ቻይናዊቷን መሬት ላይ ተንበርክካ ቱቦውን በሁለት እጇ ይዛ አገኘኋት። ስንጥቁ የፀጉር ያህል ነው። አየር ገብቶ ናሙናዎቹ ተበላሽተዋል፣ የሷም ጭምር። ደብተሬን ገልጣ አየች። «አንተ በትክክል ነው የሠራኸው፣ ቱቦው አርጅቶ ነበር፣ ቀድሜ መቀየር ነበረብኝ» አለችኝ። ለፕሮፌሰሩም ያንኑ ነገረችው። ቆሜ ሰማሁ። አፌን አልከፈትኩም፤ እውነቱን ብናገር ሪኮመንዴሽኑ ይቀርብኛል ብዬ። ለወር ያህል ቅዳሜና እሁዷን እየገባች ናሙናዎቹን እንደገና ሠራች።

የሚገርመኝ በዚያው ሰሞን ለትምህርት ቤት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይንስ እናሳይ ነበር። ናይቲኖል የሚባል ሽቦ አለ፣ የኒኬልና የቲታኒየም ቅይጥ፤ አጣምማችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ስትከቱት ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። የተገኘው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዋይት ኦክ፣ የባሕር ኃይሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ አሁን ቦታው የኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ግቢ ሆኗል፣ ስንቶቻችን በበሩ እናልፋለን። አንድ ልጅ «ስንት ጊዜ ቢጣመም ይረሳዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ» አልኩት፣ ምንም ሳይከብደኝ። ለዚያ ልጅ የነበረኝ አፍ ለሷ ሲሆን የት ገባ?

የዛሬ ልጆች ላቡን ሳያዩት ስለ ሲቪ ማሰባቸው አይጥመኝም። ግን እኔም ያኔ ያሰብኩት ስለዚያው ነው፣ ስለዚህ እናንተን መውቀሱን ልተወው። ልጄ፣ ውጤት ባይወጣልሽም ይጽፉልሻል፤ «ይህን ሞክረን አልሠራም» የሚል ፖስተር በየዓመቱ ይቀርባል። የተሰበረ ነገር ካለ በዚያው ቀን ተናገሪ፣ ደብተርሽ ላይም የሆነውን ብቻ ጻፊ።

ለኔ የተጻፈልኝ ደብዳቤ በጣም ጥሩ ነበር። «ጥንቁቅና ታማኝ» ይላል። ፕሮፌሰሩ የፈረመው ይሁን እንጂ ያን የነገረችው እሷ ናት። የላብ ደብተር ደግሞ የላቡ ነው፣ ተማሪ ይዞት አይሄድም። እዚያው ትቼው ወጣሁ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ በደቂቃ 3 ዲግሪ።