እንቁላል ሲቀቀል ፕሮቲኑ «ይሰበራል»?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ትምህርቱን በአማርኛ ሲያብራሩ፣ እንቁላል ሲቀቀልም ሆነ ተበልቶ ሆድ ውስጥ ሲፈጭ «ፕሮቲኑ ተሰበረ» ይላሉ። ለሁለቱም አንድ ግሥ መጠቀም ትክክል ነው?

መልስ፦ ትክክል አይደለም። በሁለቱ ጊዜ ፕሮቲኑ ላይ የሚደርሰው ለውጥ የተለያየ ስለሆነ ግሡም መለየት አለበት። «ተሰበረ» ደግሞ እንደ አጥንትና ብርጭቆ ላለ ድርቅ ያለ ነገር የሚነገር ስለሆነ ለአንዱም አይስማማም።

ፕሮቲን የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። የአንዱ አሚኖ አሲድ ካርቦክሲል ቡድን ከቀጣዩ አሚኖ ቡድን ጋር ሲያያዝ አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል፤ የተፈጠረው ጠንካራ ማያያዣም ፔፕታይድ ቦንድ ይባላል። በ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች የሚገነባው ይህ ሰንሰለት ተጣጥፎ የራሱን ቅርፅ ይይዛል፤ እጥፋቱን ከሚይዙት ትስስሮች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ሃይድሮጅን ቦንድ፣ ደካሞች ናቸው።

የእንቁላል ነጭ መጥበሻ ላይ ሲፈስ ጠርቶ የነበረው ከጠርዙ ጀምሮ እየነጣ ይረጋል። ሙቀቱ ደካማዎቹን ትስስሮች ያላላል፣ እጥፋቱ ይፈታል፣ የተፈቱት ሰንሰለቶችም እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ፔፕታይድ ቦንዶቹ ግን አይነኩም። ስለዚህ «የፕሮቲኑ እጥፋት ተፈታ» ማለት ይገባል። «ተዘረጋ» የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን አልመርጠውም፤ ምክንያቱም ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ የቀረ ያስመስላል።

በምግብ መፈጨት ጊዜ ሰንሰለቱ ራሱ ይነካል። ጨጓራ ውስጥ ፔፕሲን፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ ደግሞ ትሪፕሲንና ሌሎች ኢንዛይሞች በየማያያዣው ላይ ውሃ እያስገቡ ይለያዩታል። ከኮምቦልቻ ሽቅብ ወደ ደሴ የሚወጣ ጫኝ ቋጠሮው ሲላላ «ገመዱ ተፈታ»፣ ለሁለት ሲሆን «ተበጠሰ» እንደሚል ሁሉ፣ እዚህም ልዩነቱ ሊጠበቅ ይገባል። ሆኖም «ተበጠሰ» በውጥረት ብዛት የሆነ ያስመስላል፤ ኢንዛይም ግን ቦታ መርጦ ስለሚቆርጥ «ተቆረጠ» ይሻላል፤ ቆረጣው በአንድ ሰንሰለት ላይ ደጋግሞ ስለሚፈጸም ደግሞ ከሁሉ የሚስማማው ድግግሞሽን የሚያሳየው «ተቆራረጠ» ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ የጨጓራ አሲድም እጥፋትን ይፈታል፤ ይህም ለፔፕሲን ሥራ ያመቻቻል። ስለዚህ «ጨጓራ ውስጥ ፕሮቲኑ ተፈታ፣ ከዚያም ተቆራረጠ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።