ስሚንቶው ይነሣ፣ ግድግዳው ይተንፍስ

ጥያቄ፦ ከደሴ በስተሰሜን ባለች ትንሽ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። ቤቱ የድሮ ነው፤ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ክዳኑ ሣር የነበረና በኋላ ቆርቆሮ የሆነ። በቅርቡ በስሚንቶ አስለሰንነው። አሁን ልስኑ ከታች እየተነሣ ይረግፋል፤ የታችኛው መደርደሪያ መጻሕፍትም ሻግተዋል። በወፍራም ስሚንቶ ይደገም ወይስ ግድግዳው ይፍረስ?

መልስ፦ ሁለቱም ይቅር፤ በተለይ ማፍረሱን አደራ።

እንዲህ ያለ ግድግዳ ከውስጥም ከውጭም ድንጋይ ተደርድሮ መሐሉ በጭቃና በስብርባሪ የተሞላ ነው። ከመሬት እርጥበት ይስባል፤ የሳበውንም በጭቃው መጋጠሚያ በኩል መልሶ ያተናል። ስሚንቶ ያንን መውጫ ዘጋበት። ውሃው ከልስኑ ጀርባ እየተጠራቀመ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጭቃውን ያላላል። ልስኑን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ያድርጉት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው የለቀቀው ነው። ስሚንቶ ቢጨምሩበት እርጥበቱ ከፍ ብሎ ይወጣል እንጂ አይቆምም።

ስለ ሣሩ መጻፍዎ ብዙ ነገር ገለጠልኝ። የሣር ክዳን ክፈፉ ሰፊ ነው። ቆርቆሮ ሲመታ ክፈፉ ብዙ ጊዜ ያጥራል፤ የክረምቱ ዝናብ መሬት ላይ እየተፈናጠረ የግድግዳውን እግር ይመታል። ስለዚህ መጀመሪያ አሸንዳ ይግባ፤ ዙሪያው መሬትም ወደ ውጭ ያዘንብል። የውሃ መውረጃ ቦዩን ግን ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር ያርቁት። የድሮ ቤት መሠረት ጥልቀት ስለሌለው ሥሩን መቆፈር አደጋ አለው።

ስሚንቶው በጥቅምት በመሮ ቀስ ተብሎ ይነሣ። በኤሌክትሪክ መስበሪያ እንዳይነኩት፣ ጭቃው ይናጋል። ኅዳርንና ታኅሣሥን ግድግዳው ራቁቱን ይድረቅ፤ የተሸረሸረው መጋጠሚያ በጭቃ ይሞላ። በጥር ደግሞ አንድ እጅ የተፈታ ኖራ ከሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ጋር ተቦክቶ በስሱ ሁለት ጊዜ ይለሰን። በኖራ የተገነቡት የጎንደር ግንቦች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆመዋል። ወሎ ላይ የሚያስቸግረው ጊዜው ነው፦ በልጉ ሳይደርስ ልስኑ መጠንከር አለበት፣ የደጋው ውርጭ ደግሞ እርጥብ ኖራን ያፈርሳል። ማታ ማታ በደረቅ ጆንያ ይሸፈን፤ ቀን ፀሐይ ፈጥኖ እንዳያደርቀው ውሃ ይረጭ። የዘይት ቀለም እንዳያስቀቡት፤ የኖራ ቅብ ይበቃል።

መጻሕፍቱን ዛሬውኑ ከግድግዳው ያርቁ፤ የሻገቱትን ለይተው ነፋሻ ጥላ ውስጥ ያድርቁ። በጀቱ ለሁሉም ካልበቃ አሸንዳውና ቦዩ ይቅደሙ፣ ስሚንቶውም ይነሣ። የኖራ ልስኑ ለከርሞ ቢቆይ ግድግዳው አይጎዳም።