«እናንተ» ወንዶች ናቸው ሴቶች? የ«አህለል በይት» አንቀጽ በአማርኛ

ጥያቄ፦ በቁርኣን ምዕራፍ በሱረቱል አሕዛብ 33ኛው አንቀጽ ዐረብኛው መጀመሪያ ሴቶችን በሚመለከት ቃል ይናገርና መሐል ላይ ወደ ወንዶች ቃል ይዞራል፤ ሙፈሲሮችም (የቁርኣን ተንታኞች) የተለያዩት በዚህ የተነሣ ነው ሲባል ሰማሁ። አማርኛው ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር «እናንተ» ብቻ ነው የማየው። ለውጡ የት ገባ? «አህለል በይት»ስ ሲተረጎም «ቤተሰብ»፣ «ቤተሰቦች»፣ «የቤቱ ሰዎች» ወይስ «ዝርያ» ቢባል ይሻላል?

መልስ፦ ለውጡን የዋጠው ራሱ አማርኛ ነው፤ ተርጓሚው አይወቀስበትም። አማርኛ አንድን ሰው ሲያናግር «አንተ»፣ «አንቺ» ብሎ ይለያል። ብዙ ሲሆኑ ግን ወንዶቹም ሴቶቹም «እናንተ» ናቸው፤ ግሡም «እርጉ፣ ስገዱ፣ ስጡ» ብሎ ለሁሉም አንድ ነው። ግእዝ እንዲህ አይደለም፤ ለወንዶች «አንትሙ»፣ ለሴቶች «አንትን»፤ «ቤትክሙ» እና «ቤትክን»፤ «ንበሩ» እና «ንበራ» ይላል። ትግርኛም እስከ ዛሬ «ንስኻትኩም» እና «ንስኻትክን» ብሎ ይለያል። ይኸው አንቀጽ ወደ ሁለቱ ቋንቋዎች ቢመለስ ለውጡ ሳይነካ ያልፍ ነበር።

ዐረብኛውን ቀረብ ብለን እንየው። አንቀጹ «ወቀርነ ፊ ቡዩቲኩንነ» ብሎ ይጀምራል፤ «በቤቶቻችሁም እርጉ» ማለት ነው። ከዚያ «ተበረጅነ»፣ «አቂምነ»፣ «ኣቲነ»፣ «አጢዕነ» ይከተላሉ። «ቀርነ» እና «ቡዩቲኩንነ» ሲጨመሩ ስድስት ቃላት ይሆናሉ፤ ስድስቱም መጨረሻቸው ላይ የሴቶችን ብዛት የሚያመለክት «ነ» አለባቸው። ቀጥሎ ግን «ሊዩዝሂበ ዐንኩሙ ሪጅሰ አህለል በይቲ ወዩጠህሂረኩም ተጥሂራ» ይላል፤ «የቤቱ ሰዎች ሆይ! ርኩሰትን ከእናንተ ሊያስወግድና ፈጽሞ ሊያጠራችሁ» ማለት ነው። «ዐንኩም» እና «ዩጠህሂረኩም» ላይ ያለው «ኩም» የወንዶች ወይም የወንድና ሴት ድብልቅ ምልክት ነው። 34ኛው አንቀጽ ደግሞ «ወዝኩርነ» ብሎ ወደ ሴቶቹ ይመለሳል። ቤቱም ይለወጣል፤ «ቡዩቲኩንነ» ሲል ብዙ ቤቶች ነበሩ፣ «አህለል በይት» ሲል አንድ ቤት ሆነ።

ሙፈሲሮች የተከራከሩት በዚህች «ኩም» ላይ ነው። ከ28ኛው እስከ 34ኛው ያለው ንግግር የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሚስቶች የሚመለከት በመሆኑ፣ ከጥንት ሙፈሲሮች አንዱ የሆነው ዒክሪማ አንቀጹ ስለ ሚስቶቹ ብቻ ወረደ ይል ነበር። ሺዓዎች የቃሉን መዞር ይዘው ነቢዩን፣ ልጃቸውን ፋጢማን፣ ባሏን ዐሊይንና ልጆቻቸውን ሐሰንንና ሑሰይንን ብቻ ይመለከታል ይላሉ። ኢብን ከሲርን የመሰሉ የሱኒ ሙፈሲሮች ሚስቶቹም እነዚህም ይገቡበታል ባይ ናቸው፤ ዐረብኛ አንድ ወንድ እንኳ የተቀላቀለበትን ጉባኤ በወንድ ቃል ያናግራልና። በሐዲስ መድብሉ በሶሒሕ ሙስሊም ከነቢዩ ሚስት ከዓኢሻ የተላለፈው የመጎናጸፊያው ሐዲስ፣ ነቢዩ እነዚህን አራቱን በመጎናጸፊያቸው ሥር አስገብተው ይህን አንቀጽ ማንበባቸውን የሚተርከው፣ በሁለቱም ወገን ይጠቀሳል።

ሰዋስው ብቻውን ክርክሩን አይቆርጠውም። ሱረቱ ሁድ 73 ላይ መላእክት የኢብራሂምን ሚስት ሲያናግሩ «አተዕጀቢነ» ይላሉ፤ «ትደነቂያለሽን?» ማለት ነው፣ አንዲት ሴት ናት። ወዲያው «ረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ ዐለይኩም አህለል በይት» («የአላህ ምሕረትና በረከት በእናንተ ላይ፣ የቤቱ ሰዎች ሆይ») ይከተላል፤ በወንድ ቃል ነው። ሙሳም በሱረቱ ጣሃ 10 ላይ «አህል» የተባለችውን ሚስቱን «ኡምኩሡ» (ቆዩ) ያላት በወንዶች ብዛት ነው። ስለዚህ «ኩም» ስላለ ብቻ ሚስት ወጣች ማለት አይቻልም፤ «አህል» የሚለው ቃል በሰዋስው ወንዴ በመሆኑ ግሡን ሊስብ ይችላል። የሁዱን አንቀጽ በአማርኛ ሳናጣ የምናየው መነሻው «ትደነቂያለሽን» የሚል ነጠላ ስለሆነ ነው። አሕዛብ ላይ መነሻው ራሱ ብዙ በመሆኑ አማርኛው መያዣ አጣ።

ወደ ቃል ምርጫው ስንመጣ፣ «ቤተሰብ» ከግእዙ «ቤተ ሰብእ» የመጣ ስለሆነ በአፈጣጠሩ የ«አህለል በይት» ወንድም ነው ማለት ይቻላል። «ቤተሰቦች» ግን ችግር አለበት። «ቤተሰቦቼ» ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እናትና አባትን ነው፤ «የነቢዩ ቤተሰቦች» ብሎ የሚያነብ ወጣት ወላጆቻቸው ወደ አእምሮው ቢመጡ አይፈረድበትም። «ዝርያ» እና «ዘር» ሚስትን ያስወጣሉ፤ እነሱን የመረጠ ሰው ሳያውቀው የተፍሲሩን (የቁርኣን ትንታኔውን) ክርክር ፈርዶታል። «ዘመድ» ከልክ በላይ ይሰፋል። እኔ «የቤቱ ሰዎች» የሚለውን እመርጣለሁ። «እንግዳ አይደለም፣ የቤት ሰው ነው» እንደምንለው ሚስትንም ልጅንም ያቅፋል፣ ማንንም በግድ አያስወጣም። «ባለቤቴ» ስንል የትዳር ጓደኛን ማለታችንም ከዐረቦቹ «አህል» አጠቃቀም ብዙ አይርቅም፤ ሆኖም «የቤቱ ባለቤቶች» ቢባል ንብረት ያስመስላልና አይሆንም። «የነቢዩ» የሚለው በዐረብኛው ስለሌለ፣ ከተጨመረ በቅንፍ ይሁን።

በጣም የምፈራው ስሕተት አንቀጹን ቆርጦ መጥቀስ ነው። ዐረብኛው ቢቆረጥም የሴቶችን ምልክት በየግሡ ይዞ ይሄዳል። በአማርኛ ግን ሴቶች መሆናቸውን የሚናገረው 32ኛው አንቀጽ ላይ ያለው «የነቢዩ ሴቶች ሆይ» የሚለው ጥሪ ነው። 33ኛውን ለብቻው የጻፈ ሰው «በቤቶቻችሁ እርጉ» የሚለው ለመላው ሕዝብ የተሰጠ ትእዛዝ አስመስሎ ያስቀራል። ስለዚህ ከ32ኛው ጥሪ ጀምሮ እስከ 34ኛው ድረስ አብሮ መጥቀስ ይገባል።

ሌላው ወጥመድ የአክብሮት አነጋገር ነው። የመጎናጸፊያውን ሐዲስ ሲተርኩ «ፋጢማ መጡ፣ አስገቧቸው» ቢባል «ቸው» አንድ የተከበረ ሰው ይሁን ብዙ ሰዎች፣ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ማን ገባ የሚለው ዋናው ነገር በሆነበት ትረካ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። አክብሮቱ በስሙ ላይ ይደረግ፤ ግሡ «ሐሰንን አስገቡት፣ ፋጢማን (ረ.ዐ.) አስገቧት» እያለ አንድ በአንድ ይቁጠር።

«ዩጠህሂረኩም ተጥሂራ»ን «ማጥራትን ሊያጠራችሁ» ማለት የዐረብኛውን አሠራር ይከተላል እንጂ በአማርኛ ጆሮ አይገባም፤ ድግግሞሹ ማጽኛ ስለሆነ «ፈጽሞ» ይበቃዋል። እንግዲህ የአንቀጹ መጨረሻ እንዲህ ቢጻፍ ደስ ይለኛል፦ «የቤቱ ሰዎች ሆይ! አላህ የሚሻው ርኩሰትን ከእናንተ ሊያስወግድና ፈጽሞ ሊያጠራችሁ ብቻ ነው።» ከግርጌው ደግሞ፦ «እስከዚህ ድረስ ዐረብኛው የሴቶች ብዛት ነው፤ ‘ከእናንተ’ እና ‘ሊያጠራችሁ’ ላይ የወንዶች ወይም የድብልቅ ብዛት ሆኗል፤ በ34ኛው ወደ ሴቶች ይመለሳል።»