ለራስን ማጥፋት መከላከል የወረዳ በጀት ለጠየቅሽው እህት

እህቴ፣ «በቀበሌያችን ወጣቶች ራሳቸውን እያጠፉ ነው፤ ወረዳው ይህን ለመከላከል በጀት እንዲይዝ ምን ላድርግ?» ያልሽውን ሳነብ 2010 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። እኔም የጣና ዳር ሰው ነኝ፤ ሩዝና ሽንኩርት ከሚመረትበት ቀበሌ። የዕድራችን ጸሐፊ ነበርኩ። በአንድ ክረምት ሁለት ልጆች ቀበርን። እኔ የተንከራተትኩትን አንቺ እንዳትደግሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

1. ሐምሌ ላይ እንዳትሄጂ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር «አዲስ በጀት ገባ» ብዬ ደብዳቤዬን ይዤ ሄድኩ። ለካ ብሩ ቀድሞ ተደልድሎ አልቋል። ዕቅድ የሚሠራው በበጋ ነው። ጥር ላይ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ዕቅድ ውስጥ ካልገባሽ ካቢኔውም ምክር ቤቱም አያይሽም። በዚህች ስህተት አንድ ዓመት አለፈኝ። በዚያ ዓመት ሦስተኛ ልጅ ቀበርን። እስከ ዛሬ ሐምሌ ሲገባ ሆዴ ይባባል።

2. ደብዳቤሽን መዝገብ ቤት አስገቢ፤ ቁጥርና ማህተም ያረፈበት ግልባጭ በእጅሽ ይኑር። እኔ ለኃላፊው በእጄ ሰጠሁት። ሰውየው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ይሄ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ቄስ ጋ ሂድ» አለኝ። ሁለቴ ስመላለስ «ስብሰባ ላይ ነው» ተባልኩ። በሦስተኛው ደብዳቤው የለም። ቄስ ጋማ ሄጃለሁ! አብረውኝ የተነሡት የንስሐ አባቴ ናቸው። ፍትሐት እንዳይከለከል እየፈራ ሞቱን የሚደብቅ ቤተሰብ ስንቱን አይተዋል። በሰንበቴው ቆመው «የጨነቀው ሰው ካለ በሌሊትም ቢሆን ቀስቅሱኝ» ያሉት እሳቸው ናቸው።

3. ቁጥር ያዢ፣ ግን የሰፈርሽን። እኔ በመጀመሪያው ደብዳቤ የዓለም ጤና ድርጅትን ጠቅሼ በዓመት ወደ 800 ሺህ የሚጠጋ ሰው ራሱን እንደሚያጠፋ ጽፌ ነበር። ማንም አላነበበውም። ጥር 2011 ላይ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ጤና ጣቢያ ሄደን መዝገቡን ገለጥን። «መመረዝ» የሚለው በየገጹ አለ። ቤተሰብ «ፀረ ተባይ ተሳስቶ ጠጥቶ ነው» ይላል፤ ባለሙያውም እንደዚያው ይጽፋል። ስም ሳንጠቅስ በየወሩ ቆጥረን አንድ ገጽ ሠንጠረዥ አወጣን፤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ፈረሙበት። በሩን የከፈተችው ያቺ ገጽ ናት። ካቢኔው ላይ የግብርናው ሰው ሳይቀሩ «ይሄ እኛንም ይመለከታል» አሉ።

180 ሺህ ብር ጠይቀን 60 ሺህ ተፈቀደ፤ በጤና ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ማስኬጃ ሥር። ለብቻው የበጀት መደብ ይከፈትልኝ ብለሽ አትድከሚ፤ አይከፈትም። የድብርት መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ አስገዛን፤ እሱን የሚወስነው ቦርዱ ስለሆነ የቦርዱን አባላት አስቀድመሽ አነጋግሪ።

ገንዘቡን ምን ላይ ታውይዋለሽ? እኛ መጀመሪያ ለፀረ ተባይ ኬሚካል ማስቀመጫ የሚቆለፍ ሳጥን አሠርተን ለጥቂት ቤቶች ሰጠን። ከወር በኋላ ስንዞር ቁልፉ እዚያው ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። ስሪላንካ ራስን ማጥፋትን በእጅጉ የቀነሰችው በጣም መርዛማዎቹን ኬሚካሎች ከገበያ አግዳ ነው፤ ያ ደግሞ ከወረዳ አቅም በላይ ነው። ስለዚህ የቀረውን ሰው ላይ አዋልነው፤ ለጤና ኤክስቴንሽኖች ሥልጠና፣ ለውሎ አበል፣ ለሞተር ነዳጅ። በሁለተኛው ወር ኤክስቴንሽኗ ስለ አንዲት ልጅ ቀድማ ሰማች። በዚያው ሞተር ባሕር ዳር ሆስፒታል አደረሰቻት። ልጅቷን አሁን ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትሸጥ አገኛታለሁ። አንድ ራስ ሳትጨምርልኝ አትለቀኝም። ስለዚያ ነዳጅ ማንም ቢጠይቀኝ ቀና ብዬ ነው የምመልሰው።

ደብዳቤሽን ስትጨርሺ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። ከጥር በፊት ይሁን ብቻ።