የድምፅ መቅጃ ለመግዛት ላሰባችሁ ወጣት ሙዚቀኞች

ውድ ወጣት ሙዚቀኞች፣

«በእጅ የሚያዝ የድምፅ መቅጃ መግዛት እፈልጋለሁ፤ ገንዘቤ ግን ትንሽ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄ ከእናንተ ዘንድ ደጋግሞ ይደርሰኛል። የዕድሜዬን እኩሌታ ሳክስፎን በመንፋት፣ የቀረውን ደግሞ የሌሎችን ሙዚቃ በመቅዳት ስላሳለፍሁ መልሱን በአንድ የዕቃ ስም እንድጨርሰው ትጠብቁ ይሆናል። ይሁን እንጂ እኔ ራሴ በዝና ብቻ ተመርቼ የገዛኋቸው ዕቃዎች ከአንድም ሁለት ጊዜ ስላስቆጩኝ፣ ከስሙ ይልቅ ምኑን መመርመር እንዳለባችሁና ምኑን ከቁም ነገር ሳትቆጥሩ እንደምታልፉት ብጽፍላችሁ ይበጃል።

የመጀመሪያው መቅጃዬ የካሴት ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ለብዙ ወራት ስንለማመድ ቆይተን፣ ምት አጠባበቃችን እንከን የሌለበት መስሎን ስንኩራራ፣ አንድ ቀን የቀዳነውን መልሰን ብንሰማው ዘፈኑ በሞቀ ቁጥር ፍጥነታችን እየጨመረ ሄዶ ማሳረጊያው ላይ የምንሮጥ ሆነን ተገኘን። እኔም ረጅም ኖታ ይዤ ቀስ በቀስ ሳሳንሰው ቅኝቱ ወደ ላይ እንደሚሸሽብኝ መምህሬ ደጋግሞ ሲነግረኝ ያላመንሁትን፣ ያች ካሴት በአንድ ምሽት አሳመነችኝ። በሚጫወትበት ጊዜ የሰው ጆሮ በጣቱ፣ በትንፋሹና በስሜቱ ስለሚያዝ ራሱን በትክክል አይሰማም። እንግዲህ ሙዚቀኛ መቅጃ የሚገዛበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ የሚሸጥ ሥራ ለማዘጋጀት ስቱዲዮ አለ፣ መቅጃው ግን በየቀኑ እውነቱን እንዲነግራችሁ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ያው ካሴት መቅጃ ግን በአንድ ነገር ይዋሽ ነበር። ለስለስ አድርገን የጀመርነውና በጉልበት የጨረስነው ዜማ ሲሰማ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሆኖ ይወጣል፤ ዝም ባልንበት ቦታ ደግሞ የቴፑ ሽውታ ሽቅብ ይነሣል። ምክንያቱ መቅጃው የድምፁን መጠን በራሱ ፈቃድ ከፍ ዝቅ ማድረጉ ነበር። ይህ አሠራር ንግግር ለሚቀዳ ሰው ይጠቅማል፤ ለሙዚቃ ግን መርዝ ነው፤ ምክንያቱም ማለስለስና ማጠንከር የሙዚቃው ግማሽ አካል ነው። ስለዚህ ዕቃውን በእጃችሁ ስታነሡ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «መጠኑን ራሴ ልወስን እችላለሁ ወይ? አውቶማቲኩንስ ፈጽሜ ላጠፋው እችላለሁ ወይ?» የሚል ይሁን። ለስብሰባና ለቃለ መጠይቅ የተሠሩ ርካሽ መቅጃዎች ብዙውን ጊዜ በዚህ ፈተና ይወድቃሉ። ስልካችሁም ቢሆን ለድንገተኛ የዜማ ሐሳብ ታማኝ አገልጋይ ቢሆንም፣ ብዙ የስልክ መቅጃዎች ለንግግር የተቃኙ ስለሆኑ ረዥምና የማይለዋወጥ ኖታ ሲሰሙ እንደ ጫጫታ ቆጥረው ሊያመነምኑት ይችላሉ።

መጠኑን በእጅ መወሰን አስቸጋሪ አይደለም። ከምትጫወቱት ሁሉ ኃይለኛውን ክፍል አስቀድማችሁ ተጫወቱና መለኪያው ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ እንዲደርስ አድርጉት። ዜሮው ጣሪያ ነው፤ ድምፁ ከእርሱ ሲያልፍ የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ይቀራል፣ የተቆረጠውንም በኋላ የሚመልስ ባለሙያ የለም። 12 ዴሲቤል መተዉ ብዙ ለሚመስላችሁ፣ ማንኛውም ሙዚቀኛ ቀረጻው ከተጀመረ በኋላ ከሙከራው ይበልጥ አጠንክሮ እንደሚጫወት ልንገራችሁ፤ ይህን ሳያደርግ የቀረ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በ24 ቢት፣ ማለትም የድምፁን መጠን በጣም ረቂቅ በሆነ ደረጃ በሚመዘግበው ምርጫ፣ እየቀዳችሁ እስከሆነ ድረስ ይህን ያህል ክፍተት መተው ምንም አያስከፍላችሁም።

በዚህ ዘመን እጅግ ደካማውንም እጅግ ኃይለኛውንም ድምፅ በአንድ ፋይል መያዝ የሚችል «32 ቢት ፍሎት» የሚባል አሠራር በርካሾቹ መቅጃዎች ላይ ሳይቀር ገብቷል። ለምሳሌ ዙም ኤች1 ኢሴንሻል የተባለው ትንሽ መቅጃ በዚህ አሠራር ስለሚቀዳ የግቤት መጠን ማስተካከያ እንኳ የለውም፤ ዝቅ ብሎ የተቀዳውን ከፍ፣ ከፍ ብሎ የተቀዳውን ዝቅ ማድረግ በኮምፒውተር ላይ ይቻላል። ብቻውን ለሚቀዳና እጁ በመሣሪያው ለተያዘ ሰው ትልቅ ዕረፍት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ማስታወቂያው እንደሚያስመስለው ድምፁ ፈጽሞ አይበላሽም ማለት አይደለም። የማይክሮፎኑ ራሱ የመሸከም አቅም አለው፤ በዚህ መጠን ባሉ መቅጃዎች ላይ ብዙውን ጊዜ 120 ወይም 125 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ይህ ቁጥር በአየር ላይ ያለው የድምፅ ጉልበት ልክ ነው እንጂ ከላይ እንዳልሁት ከመለኪያው ዜሮ አንጻር የሚቆጠር አይደለም። ከከበሮ ወይም ከመለከት አጠገብ ድምፁ ከዚህ ሊያልፍ ይችላል፤ ማይክሮፎኑ ላይ የተበላሸውን ደግሞ 32 ቢት አያድነውም። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ መራቅ ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምትመረምሩት መቅጃው ከራሱ የሚያወጣውን ሽውታ ነው። ባንድ ለሚቀዳ ሰው ሽውታው በሙዚቃው ስለሚዋጥ ብዙም አይታወቅም፤ በጣት የሚመታ ጊታር ወይም ያለ አጃቢ የሚዘፈን ለስላሳ ዜማ ለሚቀዳ ግን ገንዘብ መጨመር የሚያዋጣው በዚህ ጉዳይ ላይ ነው። ሰነዱን ከማንበብ ይልቅ ሞክሩት። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ መሣሪያችሁን አለስልሳችሁ ቅዱ፤ ከዚያም በመቅጃው በራሱ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን ጥሩ በሆነ የጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ሽውታው ከኖታው ጅራት ጋር የሚፎካከር ከሆነ ዕቃውን መልሱ።

ማይክሮፎኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳይመስሏችሁ። እንደ ዙም ኤች1ኤን ባሉት ላይ ሁለቱ ማይክሮፎኖች ከፊት የሚመጣውን አብልጠው እየሰሙ በ90 ዲግሪ ይተላለፋሉ፤ ይህ «ኤክስ ዋይ» የሚባለው አቀማመጥ ነው። ድምፁ ሁለቱም ዘንድ በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ፣ ቀረጻው በአንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ቢሰማም አይሳሳም። እንደ ታስካም ዲአር-05ኤክስ ያሉት ደግሞ ከየአቅጣጫው እኩል የሚሰሙ ማይክሮፎኖች አሏቸው። እነዚህ ወፍራሙን ድምፅ በሙላት ይይዛሉ፣ ለንፋስና ለእጅ ንክኪም ብዙ አይደነግጡም፤ በአንጻሩ የክፍሉን ማስተጋባትና የጎረቤቱን በር ጭምር ይቀዳሉ። የታስካም ዲአር-07ኤክስ ማይክሮፎኖች እንደ ኤክስ ዋዩ ከፊት የሚመጣውን አብልጠው የሚሰሙ ሲሆኑ፣ እንዲተላለፉም ወደ ውጭ እንዲዞሩም ማድረግ ይቻላል። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ክፍሉ ጥሩ ለሆነለት ሰው ከየአቅጣጫው የሚሰማውን፣ ጠባብና ባዶ ግድግዳ ባለበት ክፍል ለሚለማመድ ደግሞ ኤክስ ዋዩን እመርጥለታለሁ። አብዛኞቻችሁ ያላችሁት ሁለተኛው ዓይነት ክፍል እንደሚሆን እገምታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልድረስ። ርካሽ መቅጃ በትክክለኛው ቦታ ሲቀመጥ፣ ቦታውን ከሳተ ውድ መቅጃ ይበልጣል፤ ይህን ያልሁት የዕቃ ሻጮችን ለማስቀየም አይደለም፣ ደጋግሜ ስላየሁት ነው። ገላጣ በሆነ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በክፍል ውስጥ ግን ከግድግዳና ከጣሪያ እየነጠረ የሚመጣው ድምፅ እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ መቅጃውን ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ብታርቁት የሚደክመው የመሣሪያችሁ ድምፅ ነው፣ ክፍሉ ባለበት ይቀራል፤ ቀረጻውም ከጉድጓድ ውስጥ እንደመጣ ሆኖ ይሰማል። ለጊታር ከ50 ሳንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ባለው ርቀት ጀምሩ፤ መቅጃውንም ወደ ቀዳዳው ሳይሆን አንገቱና አካሉ ወደሚገናኙበት አካባቢ አዙሩት፤ ቀዳዳው ፊት ለፊት ወፍራሙ ድምፅ ሁሉን ይሸፍነዋልና። ለሳክስፎን ወደ ደወሉ አፍ ብቻ አታነጣጥሩ፤ ብዙዎቹ ኖታዎች ከቁልፎቹ ቀዳዳዎችም ይወጣሉ። ዘፋኝ ሲሆን መቅጃው ከአፉ ትይዩ ጥቂት ከፍ ብሎ ቢቀመጥ የ«ፐ»ና የ«ጰ» ትንፋሽ አይመታውም።

ባንድ ለመቅዳት ስትፈልጉ ከእኔ በፊት የነበሩ ባለሙያዎች ያስተማሩኝን ዘዴ ሞክሩ። አንድ ጆሯችሁን በጣታችሁ ደፍናችሁ፣ ጓደኞቻችሁ ሲጫወቱ በክፍሉ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ተዘዋወሩ። በሁለት ጆሮ ስንሰማ አእምሯችን የክፍሉን ማስተጋባት እያጣራ ያታልለናል፤ በአንድ ጆሮ ግን ክፍሉ መቅጃው እንደሚሰማው ሆኖ ይገለጣል። ዘፋኙም፣ ቤዙም፣ ከበሮውም ሳይጠላለፉ የተሰሟችሁ ቦታ ላይ ስትደርሱ ቁሙ፤ መቅጃው የሚቀመጠው እዚያው ነው። ከበሮው ከጎላ የዘፋኙን ድምፅ ማጉያ ወደ መቅጃው አዙሩ እንጂ የመቅጃውን መጠን አትነካኩ። ጠረጴዛ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡት፤ ጠረጴዛው የእግራችሁን ምት ያስተላልፋል። ብዙዎቹ መቅጃዎች ከሥራቸው የካሜራ ትራይፖድ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ ስላላቸው አነስተኛ ትራይፖድ ግዙ፤ ከቤት ውጭ ለምትቀዱ ደግሞ የማይክሮፎን ስፖንጅ ወይም ፀጉራም ሽፋን የግድ ነው።

ሻጮች አብዝተው የሚያወሩላችሁን የቁጥር ውድድር በአጭሩ ልለፈው። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ሄርዝ ድረስ ስለሚሰማ፣ መቅጃው ድምፁን በሰከንድ ከዚህ እጥፍ በላይ ጊዜ ከለካው፣ ማለትም በ44.1 ወይም በ48 ኪሎሄርዝ ከቀዳ፣ ይበቃችኋል፤ 96 ኪሎሄርዝ ካርዳችሁን በእጥፍ ፍጥነት ከመሙላት በቀር ለልምምድ የሚጨምርላችሁ ነገር የለም። ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው በዌቭ ፋይል ቅዱ፤ ኤምፒስሪ ለመላክ ስትፈልጉ በኋላ መቀየር ይቻላል፣ ከኤምፒስሪ የጠፋው ግን አይመለስም። በ24 ቢትና በ48 ኪሎሄርዝ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ አንድ ጊጋባይት ያህል ስለሚይዝ 32 ጊጋባይት ካርድ ለ30 ሰዓት ገደማ ይበቃል።

የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ ያለው ይሻላል ወይ ለምትሉኝ፣ እንደ ታስካም ዲአር-40ኤክስ ያሉ የኤክስ ኤል አር (ባለ ሦስት እግር የማይክሮፎን ገመድ) መሰኪያ ያላቸውና ለኮንደንሰር ማይክሮፎን፣ ማለትም ለመሥራት ኤሌክትሪክ ለሚፈልገው ዓይነት፣ የሚያስፈልገውን 48 ቮልት የሚሰጡ መቅጃዎች አሉ። ጥሩ ማይክሮፎን ካላችሁ ወይም ከሚክሰር በቀጥታ መቅዳት ካሰባችሁ ያዋጣል። ከሌላችሁ ግን ለማትጠቀሙበት ቀዳዳ አትክፈሉ፤ በዚያ ላይ ዕቃው ስለሚገዝፍ ከቦርሳችሁ ይወጣል፣ ከቦርሳ የወጣ መቅጃ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ያገለገለ መግዛት ነውር የለበትም፤ እኔ አሁን የምጠቀምበትም ሁለተኛ እጅ ነው። የባትሪ ቤቱን ከፍታችሁ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት እንዳለ እዩ፤ ካርዱን አስገብታችሁ አውጡ፤ የጆሮ ማዳመጫውን ሰክታችሁ መሰኪያውን ቀስ አድርጋችሁ ስታንቀሳቅሱት ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ተዉት። ሁለቱም ማይክሮፎኖች እኩል መስማታቸውን ለማረጋገጥ ፊት ለፊት ቆማችሁ ተናገሩና ሁለቱን መለኪያዎች አስተያዩ። በሚሞላ ባትሪ የምትሠሩ ከሆነ ዓይነቱን በመቅጃው ማውጫ ውስጥ ምረጡ፤ የሚሞላው 1.2 ቮልት፣ ተራው አልካላይን 1.5 ቮልት ስለሆነ፣ ካልነገራችሁት ባትሪው ሳያልቅ አለቀ ይላችኋል።

በመጨረሻም፣ የገዛችሁትን መቅጃ ወደ መድረክ ከመውሰዳችሁ በፊት የመቅጃውን ቁልፍ ጠባይ እወቁ። በአንዳንድ መቅጃዎች ላይ ቀዩን ቁልፍ አንድ ጊዜ መጫን ዝግጁነት ብቻ ነው፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ መለኪያውም እየቀዳ እንዳለ ሁሉ ይዘላል፣ ነገር ግን ምንም አይቀዳም፤ መቅዳት የሚጀምረው ቁልፉን ዳግመኛ ስትጫኑት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት፣ መድረኩን ሊሰናበት የነበረ አንጋፋ ፒያኒስት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጫወት፣ የሚዘለውን መለኪያ እያየሁ በደስታ ራሴን ስነቀንቅ ካመሸሁ በኋላ ነበር። ከዚያ ምሽት ወዲህ ቁልፉን ተጭኜ የማየው መለኪያውን ሳይሆን የሰዓት ቆጣሪውን ነው፤ ሰከንዶቹ ሲቆጥሩ ካላየሁ ለማንም «ጀምሩ» አልልም።